ባሕር የለያቸው ድንጋዮች እኩያ መሆናቸው እንዴት ይታወቃል?

በቻይና ሁናን ግዛት፣ በዉሊንግ ተራሮች መካከል ፓይቢ የምትባል መንደር አለች። በአካባቢዋ ጥቁር ግራጫ የኖራ ድንጋይ በስስ በስሱ እየተነባበረ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት ይዟል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ሁዋቺያው ብለው ከሰየሙት የዓለት ምድብ ሥር ተነሥተው ወደ ላይ እየለኩ 369.06 ሜትር ሲደርሱ ይቆማሉ። እዚያ ያለችው ንጣፍ ለአላፊ አግዳሚ ከሌሎቹ የምትለይ አይደለችም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንስ ኅብረት ለዓለም ሁሉ መነሻ እንድትሆን አጽድቋታል። የካምብሪያን ዘመን የመጨረሻ ክፍል የሆነው ፉሮንጊያን የሚጀምረው ከእርሷ ነው። የፉሮንጊያን የመጀመሪያው ንዑስ ክፍልም በመንደሯ ስም ፓይቢያን ተብሏል።

ውሳኔው ቻይና ውስጥ ላለ ድንጋይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላነጋገረ። ነገር ግን በአሜሪካ ኔቫዳ፣ በካዛኪስታን፣ በስዊድንና በአውስትራሊያም የካምብሪያን ድንጋይ አለ። ኔቫዳ ውስጥ ተራራ የሚወጣ ተመራማሪ ከፊቱ ካሉት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ንጣፎች መካከል የትኛው ከፓይቢዋ ጋር በአንድ ጊዜ እንደተነጠፈ በምን ያውቃል? መልሱ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው በንጣፉ ውስጥ ታትሞ የቀረ የትንሽ እንስሳ ቅርፊት ነው። ሁለተኛው ድንጋዩ ራሱ የተሠራበት ካርቦን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ሁለቱ ለየብቻ ሲቆሙ የሚያሳስቱ፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተለቅመው ሲስማሙ ግን ጠንካራ ማስረጃ የሚሆኑ መሆናቸው ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

ካምብሪያን ከዛሬ 539 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተነሥቶ እስከ 485 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የዘለቀ ዘመን ነው። ስሙን ያወጡለት እንግሊዛዊው አዳም ሴጅዊክ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ከዌልስ የላቲን መጠሪያ ወስደው ነው የሰየሙት። በዚህ ዘመን የብስ ላይ ዛፍም ሣርም አልነበረም፤ ሕይወት የሞላው ባሕር ውስጥ ነበር። ዛሬ የምናውቃቸው የብዙ እንስሳት ወገኖች የመጀመሪያ ግልጽ ቅሪታቸውን የተዉልን በካምብሪያን ደለል ውስጥ ነው።

ደለል ሲነጠፍ የታችኛው ቀድሞ፣ የላይኛው ተከትሎ ነው። ይህን ሕግ ኒኮላስ ስቴኖ የተባሉት የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1669 አስቀምጠውታል። አንድ ተራራ ላይ እስካለን ድረስ ሕጉ ይበቃናል። ወደ ሌላ አገር ስንሻገር ግን ይከዳናል። በድንጋዩ ዓይነትና ቀለም መመራትም አያዋጣም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ባሕር ውስጥ፣ በዳርቻው አሸዋ፣ ራቅ ሲል ጭቃ፣ ከዚያም አልፎ የኖራ ደለል ይነጠፋል። ስለዚህ እኩያ የሆኑ ድንጋዮች መልካቸው ፈጽሞ ሊለያይ፣ በሚሊዮን ዓመታት የሚበላለጡ ድንጋዮች ደግሞ መንታ ሊመስሉ ይችላሉ።

የሚያስፈልገው ሁሉም ጋ የደረሰ ክስተት ነው። በገጠር ያደጉ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ይላሉ። በሌላ ጠቅላይ ግዛት ያደጉ አዛውንትም ይህንኑ ቢሉ፣ ሁለቱ ተያይተው ባያውቁም፣ ዓመተ ምሕረትም ባይጠቅሱ፣ እኩያ መሆናቸውን እናውቃለን። የሥነ ምድር ባለሙያዎችም ከዓመት ቁጥር በፊት የሚፈልጉት እንዲህ ያለ የጋራ ክስተት ነው፤ ድንጋይን ከድንጋይ ማዛመድ የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ቅርፊቱን የጣለው እንስሳ

ትራይሎባይት የሸርጣንና የጊንጥ የሩቅ ዘመድ ነው። ጀርባው ከራስ እስከ ጭራ ሦስት ቁመታዊ ክፍሎች አሉት፤ እግሮቹም መገጣጠሚያ ያላቸው ናቸው። ከ521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በድንጋይ ውስጥ ይታያል፤ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ፈጽሞ ጠፋ። ከ20,000 በላይ ዝርያዎቹ ተገልጸዋል።

ለዘመን መለኪያነት የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ቅርፊቱ ካልሳይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ አይበሰብስም። እንስሳው ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት እየጣለ አዲስ ስለሚያበቅል፣ አንዱ ትራይሎባይት በሕይወት ዘመኑ በርካታ ቅርፊቶችን ለደለሉ ያስረክባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝርያዎቹ በፍጥነት ይተካካሉ። አንዱ ዝርያ ብቅ ይላል፣ ይስፋፋል፣ ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋም አይመለስም። ንጣፎችን በያዙት ቅሪተ አካል መለየት እንደሚቻል በተግባር ያሳዩት እንግሊዛዊው የመሬት ቀያሽ ዊልያም ስሚዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1815 ያሳተሙት የእንግሊዝና የዌልስ የሥነ ምድር ካርታም በዚሁ እውቀት ላይ የቆመ ነበር።

ይሁንና ሁሉም ትራይሎባይት እኩል አይጠቅምም። አብዛኞቹ ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ ስለነበሩ ከአህጉራቸው ዳርቻ ርቀው አልሄዱም። በጥንቱ ካምብሪያን ኦሌኔለስና ዘመዶቹ በሰሜን አሜሪካ በብዛት ሲገኙ፣ በቻይናና በአውስትራሊያ ደግሞ ሬድሊኪያና ወገኖቹ ይገኛሉ። የሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ትራይሎባይቶች ከቅርብ ጎረቤታቸው ከዌልስ ይልቅ ከሰሜን አሜሪካዎቹ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ያኔ ስኮትላንድና ዌልስ በውቅያኖስ የተለያዩ ነበሩና። እንዲህ ያሉት ዝርያዎች የጥንቱን አህጉር ቅርጽ ለማወቅ ይጠቅማሉ፤ ኔቫዳን ከቻይና ጋር ለማዛመድ ግን አይሆኑም።

ለዚህ የሚፈለጉት አግኖስቶይዶች ናቸው። አብዛኞቹ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጡም፤ ዓይን የላቸውም። የራስና የጭራ ጋሻቸው በመጠንም በቅርጽም ስለሚቀራረብ ራሱ ከጭራው የሚለየው በጥንቃቄ ሲታይ ነው። በሁለቱ ጋሻዎች መካከል ያሉት የደረት ቁርጥራጮች ሁለት ብቻ ናቸው። የእውነተኛ ትራይሎባይቶች የቅርብ ዘመድ ናቸው ወይስ ራቅ ያሉ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው መስፋፋታቸው ነው። ክፍት ባሕርን የሚሻገሩ ስለነበሩ አንዱ ዝርያ በብዙ አህጉሮች ይገኛል።

የፓይቢዋን ንጣፍ ያስመረጠው ከእነዚህ አንዱ፣ ግሊፕታግኖስተስ ሬቲኩላተስ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ የሁለቱ ጋሻዎች ገጽ በቀጫጭን ቦዮች መረብ መስሎ ተሸንሽኗል፤ ይህን መረብ ያየ ባለሙያ ከሌላ ዝርያ ጋር አያምታታውም። ከስሩ ባሉት ንጣፎች ደግሞ ግሊፕታግኖስተስ ስቶሊዶተስ የተባለው የቅርብ ዘመዱ አለ፤ የእርሱ ሽንሽን ገና መረብ አልሆነም። ወደ ላይ ሲወጣ ፊተኛው ለኋለኛው ቦታውን ይለቃል። ዝርያው መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1851 ከስዊድን በተገኘ ቅሪት ነው። ከዚያ ወዲህ በቻይና፣ በካዛኪስታን፣ በሳይቤሪያ፣ በአውስትራሊያና በሰሜን አሜሪካ ተገኝቷል። የፓይቢያን መጀመሪያ የተወሰነውም ይህ እንስሳ መጀመሪያ ብቅ በሚልበት ንጣፍ ላይ ነው።

ቅሪተ አካል ብቻውን ለምን አይበቃም?

አንድ እንስሳ በአንድ ቦታ መጀመሪያ የታየበት ንጣፍ፣ እንስሳው በዓለም ላይ መጀመሪያ የኖረበት ቀን አይደለም። ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ደርሶም ቅርፊቱ ላይቀር፣ ቀርቶም ላይገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ አግኖስቶይዶች የሚበዙት በጥልቁና በቀዝቃዛው ውኃ ደለል ውስጥ ነው። ጥልቀት በሌለው፣ ሞቃትና ብርሃን በሚደርሰው ባሕር የተነጠፉ ድንጋዮች ውስጥ ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው።

የዝርያ ማንነትም ራሱ ሙግት ያስነሣል። የካምብሪያን የመጨረሻው ንዑስ ክፍል፣ አሥረኛው፣ በየትኛው ቅሪት ይወሰን በሚለው ላይ ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። አንዱ ወገን ሎታግኖስተስ አሜሪካነስ የተባለውን አግኖስቶይድ አቀረበ። ሌላው ወገን ደግሞ በየአህጉሩ በዚህ ስም የሚጠሩት ቅሪቶች የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ ተቃወመ። ተቃውሞው እውነት ከሆነ፣ እኩያ ያልናቸው ንጣፎች እኩያ ላይሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ክርክር ለመዳኘት ከእንስሳው ውጪ የሆነ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ድንጋዩ ውስጥ ያለው ካርቦን

በተፈጥሮ ካለው ካርቦን 99 በመቶ ያህሉ ካርቦን 12 ነው። ቀሪው አንድ በመቶ ገደማ አንድ ኒውትሮን የጨመረው ካርቦን 13 ነው። ሁለቱም በጊዜ ብዛት አይፈራርሱም። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዕድሜ የሚለኩበት ካርቦን 14 ከእነዚህ የተለየ ነው። እርሱ ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ ሊለካ እስከማይችል ድረስ ስለሚያልቅ ለካምብሪያን ድንጋይ ምንም አይጠቅምም።

አልጌና ሌሎች በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ፍጥረታት ቀላሉን ካርቦን 12 ያስቀድማሉ። ስለዚህ አካላቸው ከባሕሩ ውኃ ጋር ሲነጻጸር በካርቦን 13 ድኻ ነው። ሞተው ወደ ወለሉ ሲወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ይበሰብሱና ካርቦኑ ወደ ውኃው ይመለሳል። በአንዳንድ ዘመን ግን ኦክስጅን ያነሰው ወለል ላይ ሳይበሰብሱ በብዛት ይቀበራሉ። ያን ጊዜ ቀላሉ ካርቦን ከዝውውር ስለሚወጣ በውኃው ውስጥ የሚቀረው በካርቦን 13 ይበለጽጋል። ከዚህ ውኃ የሚዘቅጠው የኖራ ደለልም ይህንኑ ለውጥ ይዞ ድንጋይ ይሆናል።

ለውጡ ለዘመን ማዛመጃ የሚመቸው የውቅያኖስ ውኃ ከዳር እስከ ዳር ተደባልቆ ለመጨረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ብቻ ስለሚበቃው ነው። በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ዘመን ይህ ቅጽበት ነው። እንስሳው ጥልቁን ወይም ጠረፉን ሊመርጥ ይችላል፤ የካርቦኑ ለውጥ ግን ከክፍት ባሕር ጋር የሚገናኘውን ውኃ ሁሉ ያዳርሳል።

ሥራው ሲሠራ እንዲህ ነው። ተመራማሪዎች ከተራራው ሥር ወደ ላይ እየወጡ፣ በየሜትሩ ወይም ከዚያም ባነሰ ርቀት የኖራ ድንጋይ ይሰብራሉ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ከሥር የተለካ ከፍታውን ጽፈው ይይዙታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁራጩ ይከፈልና ስንጥቅና ነጭ የካልሳይት ሥር የሌለበት ንጹሕ ቦታው ይመረጣል። ከዚያ በቀጭን መሰርሰሪያ ጥቂት ዱቄት ይወሰዳል። ዱቄቱ ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ሲጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ደግሞ በጋዙ ውስጥ ያሉትን የሁለቱን ካርቦኖች መጠን ያነጻጽራል። ውጤቱ ከአንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ ከሺህ ስንት እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ ይነገራል። በመለኪያው ውስጥ ለአንድ ሚሊዮን የካርቦን 12 አቶም 11,200 ያህል የካርቦን 13 አቶም አለ። ከሺህ 5 በለጠ ማለት 56 አቶም ያህል ጨመረ ማለት ነው። ቁጥሩ ጥቂት ቢመስልም፣ የመላውን ውቅያኖስ ካርቦን ይህን ያህል ለመለወጥ የሚቀበረው የሕያዋን ቅሪት እጅግ ብዙ መሆን አለበት።

ሁለቱ ሲገናኙ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ማቲው ሳልትዝማንና ባልደረቦቻቸው በኔቫዳና በአካባቢዋ የሚገኙ የካምብሪያን ድንጋዮችን በዚህ መንገድ ለኩ። ከሥር ወደ ላይ ሲወጡ ውጤቱ መጀመሪያ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ቆየ። ከዚያ ከፍ እያለ ሄዶ ከሺህ 4 እስከ 5 ደረሰና ተመልሶ ወረደ። በሥዕል ሲቀመጥ አንድ ትልቅ ጉብታ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ይኸው ጉብታ በቻይና ሁናን፣ በካዛኪስታንና በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ እንዳለም አሳዩ። ክስተቱ ዛሬ «ስፓይስ» በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል፤ የቆየውም ከሁለት እስከ አራት ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ ይገመታል።

ወሳኙ ነገር ጉብታው መውጣት የሚጀምርበት ቦታ ነው። በፓይቢም ሆነ በኔቫዳ መነሻው ግሊፕታግኖስተስ ሬቲኩላተስ ብቅ ከሚልበት ንጣፍ አካባቢ ነው። እንስሳው የካርቦኑን መጠን አይወስንም፤ ካርቦኑም እንስሳውን አይጠራም። አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ በተራራቁ ተራሮች ላይ በአንድ ከፍታ መገናኘታቸው፣ ንጣፎቹ እኩያ ናቸው የምንልበት ዋና ምክንያት ነው። ከዚህ በኋላ አግኖስቶይድ በማይገኝባቸው የጠረፍ ድንጋዮች ውስጥም ጉብታውን ተከትሎ የፓይቢያንን መጀመሪያ መፈለግ ተቻለ። የኖራ ድንጋይ እምብዛም በሌለበት በስዊድን ጥቁር ጭቃማ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች የለኩት ከሕያዋን ቅሪት የተረፈውን ካርቦን ነው፤ ጉብታውንም አግኝተውታል።

ፓይቢ ብቸኛዋ አይደለችም። በአሜሪካ ዩታ በድራም ተራሮች የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው፣ ድሩሚያን የተባለው ሌላ የካምብሪያን ንዑስ ክፍል መነሻ ፕቲካግኖስተስ አታቨስ በተባለ አግኖስቶይድ ይወሰናል፤ በዚያው አካባቢም የካርቦኑ መጠን ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ጉይጆ ግዛት የጸደቀው የዉሊዩያን መነሻም እንዲሁ ትራይሎባይትን ከካርቦን መውረድ ጋር አጣምሮ ይዟል።

ካርቦንም ያሳስታል

የካርቦን መስመር ቁጥር እንጂ ስም የለውም። በካምብሪያን ውስጥ ብቻ ብዙ ጉብታዎችና ጎድጓዶች አሉ። ከአንድ ተራራ የተወሰደ ጉብታ የትኛው እንደሆነ ብቻውን አይናገርም፤ በመካከሉ የተገኘ አንድ መለያ ትራይሎባይት ግን ወዲያው ቦታውን ያሲዘዋል። የድንጋዩ ኋለኛ ታሪክም መታየት አለበት። ደለሉ ከባሕር በላይ ወጥቶ የዝናብ ውኃ ሰርጎት ከነበረ፣ ከአፈር የመጣ ቀላል ካርቦን ይቀላቀልና የመጀመሪያው ምልክት ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለሙያዎች የኦክስጅን አይሶቶፖችን (እንደ ካርቦን 12 እና 13 በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶችን) አብረው ይለካሉ፤ ድንጋዩንም በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። ደለል ሳይነጠፍ የቀረበት ወይም ተሸርሽሮ የሄደበት ዘመን ካለ ደግሞ ጉብታው ይቆረጣል፤ ሙሉ የሆነው ሥዕል ከተቆረጠው ጋር ሲተያይ የማይገናኝ ይመስላል። የስፓይስም ከፍታና መነሻ ከቦታ ቦታ መጠነኛ ልዩነት ያሳያል።

በዚህ ምክንያት ጥሩ ጥናት የሚባለው ቅሪተ አካሉንና የካርቦኑን ናሙና ከአንድ ተራራ፣ በአንድ መለኪያ ገመድ የሰበሰበ ነው። ትራይሎባይቱ ከአንዱ ሸለቆ፣ ካርቦኑ ከሌላው ሸለቆ ከመጣ፣ ሁለቱን ለማገናኘት ሌላ ግምት ይጨመራል፤ ስሕተት የሚገባውም በዚያ በኩል ነው።

የዓመቱ ቁጥርስ?

እስካሁን ያየነው ሁሉ እኩያነትን እንጂ ዓመትን አይነግርም። የፓይቢያን መነሻ 497 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው የሚባለው ቁጥር በመጨረሻ የሚያርፈው ከእሳተ ገሞራ አመድ በሚገኙ ዚርኮን በሚባሉ ጥቃቅን ማዕድናት ላይ ነው። በውስጣቸው ያለው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ ዓመት ይቆጠርበታል። አመዱ ግን በሁሉም ተራራ ላይ የለም። አንድ ቦታ የተገኘን ዓመት ወደ ሌሎች አገሮች የሚያሻግሩት የተዛመዱት ንጣፎች ናቸው።

የዚህ ጥምረት አንድ ትልቅ ምሳሌ በአገራችን በትግራይ ይገኛል። የተምቤን ዓለቶች ከትራይሎባይት መምጣት በፊት የተነጠፉ ስለሆኑ በቅሪተ አካል ማዛመድ አይቻልም። በምትኩ በኖራ ድንጋዩና በዶሎማይቱ ያለው ካርቦን ተለክቷል፤ በመካከሉ ካሉት የአመድ ንጣፎችም ዚርኮን ተለቅሞ ዕድሜው ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በተምቤን የታየው የ800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የካርቦን ለውጥ በሌሎች አህጉሮች ከታየው ጋር እኩያ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደግሞ ከ717 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የጀመረውን ታላቅ የበረዶ ዘመን መነሻ ለማጥበብ ረድቷል። ካርቦኑ ከቅሪተ አካል ጋር መጣመር ሲያቅተው፣ በተምቤን ከአመዱ ጋር ተጣመረ።

ምን ይጠቅማል?

የስፓይስ መነሻ ላይ የሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ትራይሎባይቶች በብዛት ጠፍተው በሌሎች ተተኩ። እንዲህ ያለ ድንገተኛ መተካካት በካምብሪያን ድንጋዮች ውስጥ እንደሚደጋገም አሊሰን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አስረድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የሰልፈር አይሶቶፖች ጥናት ደግሞ በዚያን ጊዜ ኦክስጅን የሌለበት፣ ሰልፋይድ የሞላበት ውኃ እንደተስፋፋ ጠቆመ። ውኃው ታፍኖ ነው እንስሳቱ ያለቁት? ከሆነስ ጥልቁ ባሕር ቀደመ ወይስ ጠረፉ? በኔቫዳ የሞተውና በሁናን የተቀበረው አንድ ክስተት ነው ለማለት በመጀመሪያ ንጣፎቹ እኩያ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ቅደም ተከተሉ ካልታወቀ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ መለየት አይቻልም።

ሥራውም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዉሊዩያን ሲጸድቅ ከአሥሩ የካምብሪያን ንዑስ ክፍሎች ስድስቱ ስም አግኝተው ነበር፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አሥረኛው በቁጥር ብቻ ይጠሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው ትራይሎባይት ገና ያልታየበት ነው። በአሥረኛው ላይ ያለው ክርክር ደግሞ የዝርያ ስም ብቻውን እንደማይበቃ አስተምሯል። ወደፊት የሚመረጠው ንጣፍ የትም ይሁን የት፣ ጥያቄው ያው ነው፦ እንስሳው የሚለውን ካርቦኑ ይደግፈዋል ወይ? አዎን የሚል መልስ በአንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ሜትር ውስጥ ሲገኝ፣ የሌላ አገር ተመራማሪም ያንኑ ንጣፍ በገዛ ተራራው ላይ ፈልጎ ለማግኘት የሚያምነው መነሻ ይኖረዋል።